በስማቸው ያልጠራኋቸው በሽተኛ

ኡኬ፣ ሐምሌ ፲፬ ቀን ፲፱፻፷፩ ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ሀብተጊዮርጊስ
የድሬሰሮችና የጤና ረዳቶች መመዘኛ ፈተና ኮሚቴ ሊቀ መንበር
ነቀምቴ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። የእርስዎ ጤና ከሌላው ሰው ጤና ይልቅ ያሳስበኛል፤ እግዚአብሔር አያድርገውና አንድ ቀን ቢታመሙ መርፌ ይዞ የሚመጣልዎት ሰው እርስዎ ራስዎ ፈትነው ያሳለፉት ነው። ስለዚህ በዚህ ክረምት ብርድ እንዳያገኝዎት፣ የነቀምቴ ጭቃ እንዳያዳልጥዎት፣ በተለይም ስምዎን ከሚጋራ ሰው ጋር በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ እንዳይቀመጡ በየማለዳው እጸልያለሁ። የዚህኛውን ጸሎት ምክንያት ወደ ታች ሲያነቡ ይደርሱበታል።

እኔ ድርቤ ደረሳ እባላለሁ። ዕድሜዬ አርባ አራት ሲሆን የስድስት ልጆች እናት ነኝ። ነቀምቴ በነበርንበት ጊዜ አሥረኛ ክፍልን ከበኩር ልጄ ጋር በአንድ ዓመት ጨርሻለሁ፤ ማን የተሻለ ውጤት እንዳመጣ ባይጠይቁኝ ደስ ይለኛል፣ ልጄ ግን ሳይጠየቅም ይነግርዎታል። ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት ኡኬ ውስጥ፣ አንድ ክፍልና አንድ በረንዳ ባላት ክሊኒክ፣ ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እቀቅላለሁ፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ ከነቀምቴ የሚመጣው ሐኪም ያዘዘውን እወጋለሁ፤ የድሬሰር ሥራ ማለት ይኸው ነው። ሕዝቡ አዴ ድርቤ ይለኛል፤ በእኛ ቋንቋ ወይዘሮ እንደ ማለት ነው። ወሬ እንደማበዛ አውቃለሁ፣ ክቡር ሆይ። ነገር ግን ወሬዬ የሥራ መሣሪያዬ ነው፤ በሽተኛው የወሬዬን መጨረሻ ሲጠብቅ መርፌው ገብቶ ይወጣል።

በመጋቢት ወር ከኮሚቴዎ የደረሰን ደብዳቤ ከሐምሌ ፩ ቀን ጀምሮ ምስክር ወረቀት የሌለው ሰው የመድኃኒት ቁም ሣጥኑን ቁልፍ እንዳይዝና መርፌ እንዳይነካ የሚያዝ ነበር። ያ ቁልፍ አሥራ አንድ ዓመት አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ ስለኖረ ባለቤቴ የጋብቻ ሐብል አይገዛልኝም፣ አለሽ እኮ ይለኛል። ፈተናውን ካላለፍኩ ቁልፉ ከአንገቴ ይወርዳል፣ ሌላ ሰው እስኪመደብም የኡኬ ሰው ለአንዲት መርፌ በዝናብ ነቀምቴ ድረስ ይሄዳል። ስለዚህ ለመፈተን ተመዘገብኩ። ይህ እንዴት እንደተፈጸመ፣ ቅሬታና ምስጋናዬን በቁጥር ለይቼ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩ኛ. የላካችሁልኝ በስቴንስል የተባዛ ማጥኛ ስድሳ አራት ገጽ እንዳለው በሽፋኑ ላይ ተጽፏል። የእኔው ከገጽ ፲፯ እስከ ፳፬ የለውም። ጉዳቱ ይህን ያህል አይደለም፤ ብቻ ደም ከእግር ተነስቶ በደም ሥር እየወጣ ከልብ ቀኝ ክፍል ሲደርስ ገጽ ፲፮ ያልቃል። ቀጥሎ ያለው ገጽ ፳፭ ስለ ሽንት ነው። እኔም ሁለት ሳምንት ሙሉ ደሙ ከልብ ወደ ሽንት እንደሚሄድ ያለ ጥርጣሬ አምኜ ኖርኩ፣ ለጎረቤትም አስተማርኩ። በኋላ አንድ ነገር እንደጎደለ ብጠረጥርም ደሙን ከልብ የሚያወጣልኝ ሰው በኡኬ አላገኘሁም። በጽሑፍ ፈተናው ላይ ይኸው ጥያቄ በመጣ ጊዜ «ደሙ ልብ ከደረሰ በኋላ የሚሄድበትን ኮሚቴው ያውቃል» ብዬ መለስኩ። ግማሽ ነጥብ ስለተሰጠኝ ከልብ አመሰግናለሁ፤ ከቀኙ ክፍል።

፪ኛ. የልብ ትርታ ሰከንድ በሚያሳይ ሰዓት አንድ ሙሉ ደቂቃ እንዲቆጠር ታዟል። በኡኬ እንዲህ ያለው ሰዓት የሚገኘው ከጉራጌ አገር መጥተው ጨርቅና ላምባ በሚሸጡት በአቶ ወልደገብርኤል ሱቅ ግድግዳ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ በሚያዝያ ከሥራ ስወጣ እዚያ እየቆምኩ የገዢውን ሁሉ እጅ እየያዝኩ ቆጠርኩ። ክፉ ልማድ አለብኝ፣ ስቆጥር ፊቴ ይጠቁራል። አንዲት ሴት ሳሙና ልትገዛ መጥታ እጇን ሰጠችኝና ፊቴን ስታይ ሳሙናውን ትታ ልጆቿን ልትሰናበት ወደ ቤቷ ሮጠች። የልብ ትርታዋ እኮ የጤነኛ ነበር፤ እሱን ለመንገር እስከ ቤቷ ስከተላት ግን ይባስ ደነገጠች። አቶ ወልደገብርኤል በጣም ጨዋ ሰው ስለሆኑ ሁለት ሳምንት ታገሡኝ። በሦስተኛው ሰዓቱን ከምስማሩ አውርደው፣ አዴ ድርቤ፣ ይህን ይዘሽ ቤትሽ ቁጠሪ፣ ሰዓት ከማጣት ደንበኛ ማጣት ይብስብኛል ብለው አስታቀፉኝ። ሰዓት ስንት ነው ብሎ ቤቴ የሚመጣውንም ሁሉ ቆጠርኩት።

፫ኛ. ይህ ቅሬታ አይደለም፣ በራሴ ላይ ያቀረብኩት ክስ ነው። ገጽ ፵፩ ላይ የራስ ቅል በፋሻ አጠቀላለል በሥዕል ይታያል። ባለቤቴ ሞረዳ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሁለት ጊዜ ጠቀለልኩት፣ በሦስተኛው እኔ ጣቃ ነኝ ወይ ብሎ ተነስቶ ሄደ። የቀሩልኝ የሞረዳ አባት፣ አማቴ፣ ናቸው። የቀኝ እግራቸው ላይ የቆየ ቁስል ስላለ በየሁለት ቀኑ የማጥብላቸው እኔ ነኝ፣ ፋሻ አይፈሩም። ራሳቸውን ሰጡኝ። እኔም ሥዕሉን እያየሁ ከአገጭ እስከ አናት፣ አንድ ዓይን ብቻ ሲቀር፣ አሳምሬ ጠቀለልኳቸው። ወዲያው ምድጃ ላይ መርፌ ጥጄ እንደመጣሁ ትዝ ብሎኝ ወደ ክሊኒኩ ሮጥኩ። አማቴም፣ ነፋስ ለመቀበል ይሁን ወይም የምራታቸውን ሙያ ለማሳየት፣ በርጩማቸውን ይዘው አጥር ጥግ ወጥተው ተቀመጡ።

ከሰዓት በኋላ ስመለስ ግቢያችን ሞልቷል። ወተት የያዘ፣ እንቁላል የያዘ፣ ጉንጩን በእጁ የደገፈ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ቆመው ይጸልያሉ። ሦስት አስታራቂዎች ደግሞ ከእኔ ቀድመው ዋጋሪ የሚባለው ጎረቤታችን ዘንድ ደርሰው ተመልሰዋል። ዋጋሪና አማቴ በድንበር ላይ ባለች አንዲት የውሃ ቦይ ሦስት ዓመት ሙሉ አይነጋገሩም ነበርና፣ አስታራቂዎቹ በምን መታሃቸው ብለው ነው የጠየቁት። ዋጋሪ አልመታሁም ብሎ ማለ። ማንም ስላላመነው ግን፣ አልመታኋቸውም፣ ቦዩም ለእሳቸው ይሁን ብሎ እያለቀሰ ከአማቴ እግር ሥር ተንበርክኳል። አማቴ በፋሻው ውስጥ ሆነው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እኔ እውነቱን ልናገር አፌን ስከፍት በተውኩላቸው በአንዱ ዓይን አዩኝ። አፌን ዘጋሁ፤ እኔ ዝም ያልኩበት ቀን በኡኬ እስከ ዛሬ ይወራል።

በማግስቱ አማቴ ራሳቸው ሄደው እውነቱን ለዋጋሪ ነገሩት። ዋጋሪም መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ ሳቀ፣ ቦዩን ግን መልሶ አልወሰደም። በሦስት ዓመት ያልታየ ጉዳይ በገጽ ፵፩ አለቀ። ኮሚቴዎን ስለዚህ አመሰግናለሁ፤ ከማጥኛው ውስጥ በትክክል የሠራልን እሱ ገጽ ነው።

፬ኛ. አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እመጣለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን ከሌላ አገር የመጣ ሰው ላያውቀው የሚችለውን አንድ ነገር እንዳስረዳ ይፈቀድልኝ። በእኛ ቤት ምራት የአማቷን ስም አትጠራም። ከሃያ ስምንት ዓመት በፊት እዚያ ቤት በሙሽርነት ስገባ ከአፌ ያስቀመጥኩት ስም ነው፣ እስከ ዛሬም አላነሳሁትም። ፍርሃት አይደለም፣ ማክበር ነው። ስሙ በሌላ ሰው ላይ ቢገኝም ያው ነው፤ ጎረቤት ከሆነ በልጁ ስም፣ መንገደኛ ከሆነ በአገሩ ስም እጠራዋለሁ። እስከ ዛሬ ድረስ አንድም ሰው ጠፍቶብኝ አያውቅም። ስሙ አራት ፊደል ነው፤ ከዚህ በላይ ከእኔ አይጠበቅም። ከዚህ በታች ነጥብ ነጥብ የተደረደረበት ቦታ ሁሉ እሱ ስለሆነ፣ በዚህ ስም የሚጠራ አማት የሌለው ጸሐፊ ካለዎት ይሙላልኝ። በወለጋ የተለመደ ስም ነው። በነቀምቴ ገበያ ቀን ጮክ ብሎ የጠራው ሰው ከገበያው እኩሌታ ጋር ይተዋወቃል።

ለፈተናው ስመዘገብ ነገሩ መጥቶብኝ ነበር። ቅጹ የባለቤትሽ ስም ከነአባቱ ይላል። ሞረዳ ብዬ ጻፍኩና የቀረውን በር ላይ ቆሞ ለነበረው ለሞረዳ ለራሱ ተውኩለት። ብልህ ሴት ብሆን ኖሮ ያን ጊዜ እነቃ ነበር። እኔ ግን ስለ ደሙ እያሰብኩ ነበር።

ሰኔ ፲፯ ቀን ነቀምቴ ለተግባር ፈተና ቀረብን። አግዳሚው ላይ እውነተኛ በሽተኞች ተደርድረዋል። ፈታኛችን አቶ ወልደሩፋኤል ነጭ ጋውን ለብሰው አሥራ ሁለት ተራ ያለበትን ቅጽ ይዘው ቆመዋል። የቅጹ አንደኛ ተራ ተፈታኙ የበሽተኛውን ስም ጮክ ብሎ ጠርቶ አቤት ያሰኝ ይላል፤ አንደኛው ካልተፈጸመ የቀሩት አሥራ አንዱ አይቆጠሩም። ጥሩ ደንብ ነው፣ አልቃወመውም። ካርዴ ተሰጠኝ። «……፣ ከኪራሙ፣ የግራ እግር ቁስል፣ ፔኒሲሊን» ይላል።

አነበብኩት። ሁለት መቶ ስድስት አጥንት በቃሌ ይዤ ሄጄ በአራት ፊደል ቆምኩ፣ ክቡር ሆይ። ከዚያ ግን ዘወትር የማደርገውን አደረግኩ። ወደ አግዳሚው ቀርቤ በቋንቋችን ሰላምታ ሰጥቼ ከኪራሙ የመጣ ማን ነው ብዬ ጠየቅኩ። አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አነሱ። የግራ እግራቸውን ገልጬ ቁስሉን አየሁ። የማን አባት እንደሆኑ ጠየቅኳቸው፣ የጨመዳ አባት ነኝ አሉ። ስማቸውን ጠየቅኳቸው፣ ጮክ ብለው ራሳቸው ተናገሩት፣ ከካርዱ ጋር አንድ ነው። ከዚህ በፊት ፔኒሲሊን ተወግተው አሳክኳቸው ወይም አብጠው ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኳቸው፣ አያውቁም። እጄን ልታጠብ ስዞር አቶ ወልደሩፋኤል አስቆሙኝ። ቋንቋችንን ስለማይሰሙ በቅጹ ጠርዝ ላይ «ከበሽተኛው ጋር ወሬ ጀመረች» ብለው ጽፈዋል። ከወሬ በቀር ሌላ ነገር የማልጀምር ሰው መሆኔን ለማወቅ ዐሥር ደቂቃ ብቻ ስለፈጀባቸው አስተዋይነታቸውን አደንቃለሁ።

ስሙን ጥሪ አሉኝ። እሳቸው ራሳቸው ነገሩኝ እኮ አልኩ። ቅጹ የሚለው ተፈታኙ ይጥራ እንጂ በሽተኛው ይናገር አይደለም አሉ። ስለ አማቴ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስረዳኋቸው። እሳቸውም በትዕግሥት ሰምተውኝ ቅጹን ከላይ እስከ ታች አዩና፣
«እህቴ፣ በቅጹ ላይ የአማት ቦታ የለም» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው፣ እኔም ፈልጌ አጣሁት። ስለዚህ ሞከርኩ። ባለቤቴንና ክሊኒኩን፣ ያንን የዝናብ መንገድም አስቤ አፌን ከፈትኩ። ሳል ወጣ። ደግሜ ከፈትኩ። «የሞረዳ አባት» የሚል ወጣ። አቶ ወልደሩፋኤልም ሞረዳ ማን ነው ብለው አግዳሚውን ከዳር እስከ ዳር ፈለጉት። ሞረዳ አብሮኝ መጥቶ በሩ ላይ ነበር፣ አቤት አለ። ይህን ሁሉ እያደረግኩ ራሴን ከውጭ ሆኜ ሳየው፣ በክሊኒኩ በር ላይ ልጇን ለማስወጋት አሻፈረኝ ብላ የምታስቸግር እናት መስዬ ታየሁኝ። በእንዲህ ያለችው ሴት ላይ ስንት ጊዜ ተቆጥቻለሁ።

አቶ ወልደሩፋኤል ካርዱን ከእጄ ወስደው፣ የጨመዳን አባት ተቀመጡ ብለው፣ ለቀጣዩ ተፈታኝ ለአዱኛ ሰጡት። አዱኛ የነቀምቴ ልጅ ነው፣ ሃያ ሦስት ዓመቱ፣ ጨዋ ጎበዝ። በአማት ደረጃ ገና ምንም የለበትም። ደረቱን ነፍቶ «……!» ብሎ ጠራ።

ሁለት ሰው ተነሳ።

አንዱ የጨመዳ አባት ናቸው፤ በግራ እግራቸው መርገጥ ስለማይችሉ አግዳሚውን ተደግፈው ቀስ እያሉ ይነሳሉ። ሌላው ጥርሱን ሊነቀል የመጣና ጉንጩ ያበጠ ጎልማሳ ነው፤ ሁለቱም እግሮቹ ደህና ስለሆኑ ቀድሞ ደረሰ። አቤት አለ። አቶ ወልደሩፋኤል በአንደኛው ተራ ላይ ምልክት አደረጉ። አዱኛ የቀሩትን አሥራ አንድ ተራዎች በትክክል ፈጸመ፣ አልኮሉን ቀባ፣ አየሩን አወጣ። ጎልማሳው ሱሪህን ዝቅ አድርግ ሲባል ትንሽ ቢገረምም፣ ጥርስን በዚያ በኩል መድረስ አዲስ የመጣ የመንግሥት ጥበብ መስሎት ተኛ። እኔ ከበሩ አጠገብ ሆኜ ሰውየው እሱ አይደለም ብል፣ ፈተናዋ ያለቀ ተፈታኝ አዳራሹን ትልቀቅ ተባልኩ። ለቀቅኩ።

ከዚህ በኋላ ያለውን በቁጥር መጻፍ ስላቃተኝ ቁጥሩን ትቼዋለሁ።

ሰኔ ፳፮ ቀን ውጤቱ ተለጠፈ። ድርቤ ደረሳ፣ በጽሑፍ ከሃምሳ አርባ አንድ ተኩል፣ በተግባር ከሃምሳ ዜሮ፣ አላለፈችም። አዱኛ በጽሑፍ ሃያ ሰባት፣ በተግባር ሃምሳ፣ አልፏል፣ ወደ ኡኬ ክሊኒክም ተመድቧል። ከሰሌዳው ፊት ቆሜ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንድ ማለፌን ሊጠይቀኝ የመጣ ዘመድ ፊቴን አይቶ የራሱን የልብ ትርታ መቁጠር ጀመረ።

ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኛል። አማቴ አስጠሩኝ። ባለቤቴም ነበር። ከፊታቸው ቆምኩ፣ በርጩማቸው ላይ ተስተካክለው ተቀመጡ፣ ነጠላቸውን አጣፉ።
«ልጄ፣ ፈቅጄልሻለሁ» አሉኝ። «ባልሽም ልጆችሽም ይስሙ፣ ፈቅጄልሻለሁ። አሁን በስሜ ጥሪኝና ተለማመጂው።»

ክቡር ሆይ፣ ፈተና የምለው ይህን ነው፤ የእናንተው ሰኔ ፲፯ ቀን ጨዋታ ነበር። ባለቤቴ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። እኔ አፌን ከፍቼ ቆምኩ። የሰፌድ ያህል የተከፈተ አፍ፣ ሃያ ስምንት ዓመት ስለ ሁሉ ነገር ያወራ አፍ፣ ምንም አልወጣውም። መጨረሻ ላይ እንባዬ መጣ፣ እሱ ሲመጣ ደግሞ ሳቄ መጣ። እሳቸውም ሳቁ፣ እግራቸውን እስኪያማቸው ሳቁ። በቃ ተዪው አሉኝ። ሃያ ስምንት ዓመት ከአፍሽ ሳልሰማው ደህና ኖሬያለሁ፣ ለወረቀት ብዬ አሁን ብሰማው የምሞት ይመስለኛል አሉኝ። ከዚያ እግራቸውን ዘረጉልኝ፣ የማጠቢያቸው ቀን ነበረና።

ሐምሌ ፩ ቀን ቁልፉን ከአንገቴ አውልቄ ለአዱኛ አስረከብኩ። ቀልዬ ብሄድ በወደድኩ፤ አንገቴ ግን እስከ ዛሬ የሆነ ነገር የረሳ ይመስለዋል። አዱኛ ቁልፉን ከመቀበሉ በፊት ወደ ቤቴ መጥቶ ነበር። የምስክር ወረቀቱን በጋዜጣ ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ይዞታል። ማንን እንደወጋ ከፈተናው ቀን ጀምሮ እንደሚያውቅ፣ ነግሮም የሰማው እንደሌለ፣ ሌሊት ያ ጉንጩ ያበጠ ሰው በሕልሙ እየመጣ እንደሚያመሰግነው ነገረኝ። አዴ ድርቤ፣ አስተምሪኝ አለኝ። እኔ ወድቄያለሁ እኮ፣ የወደቀ ሰው ምን ያስተምርሃል አልኩት። እኔ ደግሞ አልፌያለሁ፣ ባለፍኩበት ወረቀት ሰው እንዳልገድል እፈልጋለሁ አለኝ። እንዲህ ያለ ልጅ ስላሳለፋችሁ ኮሚቴውን ያለ ምንም ምፀት አመሰግናለሁ። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ያለ ምፀት ያመሰገንኩት ይህ አንዱ ነው፤ በቀላሉ እንዲገኝ ስል ነው የጠቀስኩት።

አሁን እኔ በዚያችው ክሊኒክ የጽዳት ሠራተኛ ነኝ። ቁም ሣጥኑን አልነካም፣ መርፌ አልነካም፣ ትእዛዛችሁ ቃል በቃል ተከብሯል። አዱኛ መዝገቡን ይዞ ስም ይጠራል፤ ሁለት ወይም ሦስት ሰው ሲነሳ እኔ መጥረጊያዬን ተደግፌ የማን አባት ነህ፣ ከየት መጣሽ፣ ምንሽን አመመሽ እላለሁ። አንዱ ይቀራል፣ ሌሎቹ ይቀመጣሉ። አዱኛ ይወጋል፣ እኔ ወሬዬን እቀጥላለሁ። አንድ ያለፈና አንድ የወደቀ ሆነን አንድ ደህና ድሬሰር ወጥቶናል። እኔም ከእሱ ማጥኛ ላይ ገጽ ፲፯ን አንብቤ ደሙን ከልብ አውጥቼዋለሁ፤ ወደ ሳንባ ነው የሚሄደው ለካ። ሳውቅ ዕረፍት አገኘሁ።

ስለዚህ ክቡርነትዎን የምለምነው በኅዳር ይሰጣል በተባለው ፈተና እንደገና እንድቀርብ እንዲፈቀድልኝ ነው። አንደኛውን ተራ ይሰርዙልኝ አልልም። ተፈታኙ በሽተኛውን ያረጋግጥ በሚል ቢተካ ግን ወጪው የአንድ ብዕር ቀለም ነው፤ ቀለሙንም እኔ እልካለሁ። ይህ የማይቻል ከሆነ ደግሞ ከኪራሙ እስከ ነቀምቴ ካሉት በሽተኞች መካከል ዋጋሪ የሚባል ይምረጡልኝ። የእሱን ስም በአደባባይ ጮክ ብዬ ለመጥራት አንደበቴ ሦስት ዓመት ሠልጥኗል።

በአንድ ዜሮ የማይደክም ጉልበት፣ በሁለት የማይቀንስ ወሬ፣ ስለ ኮሚቴውም ደህንነት ዘወትር በሚጨነቅ ልብ፣ የጋውንዎ ንጣት እንዳይደበዝዝ፣ የቅጽዎም ተራዎች እንዳይበዙ እየተመኘሁ፣ ከኡኬ ክሊኒክ በረንዳ፣ መጥረጊያዬን ግድግዳ ላይ አስደግፌ እጅ የምነሳ

ድርቤ ደረሳ
(የኡኬ ክሊኒክ ጽዳት፣ በጽሑፍ ብቻ የሆነች ድሬሰር)

ግልባጭ፦
ለአቶ ወልደሩፋኤል፣ ከቅጹ ጀርባ ባዶ ቦታ ካለ እዚያ ላይ እንዲያያይዙት፤
ለውጤት መለጠፊያው ሰሌዳ፣ ነቀምቴ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ የጨመዳ አባት እንዴት እንደሆኑ ኮሚቴው ሳይጠይቅ አይቀርም ብዬ ነው። በዚያ ቀን እስከ ማታ አግዳሚው ላይ ጠብቀው መርፌያቸውን ቢጠይቁ፣ በስማቸው ፊት ተወግቷል የሚል ተጽፎ ስለተገኘ ተሰናብተው ወደ ቤታቸው እንዲሄዱ ተነገራቸው። ሐኪሙ የጻፈላቸውን ወረቀት በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው፣ እያነከሱ፣ የኪራሙን መንገድ ጀመሩ። ሰኔ ፲፱ ቀን ኡኬ ደረሱ። ቁልፉ ገና በአንገቴ ነበርና ወረቀቱን አይቼ ወጋኋቸው፤ ስድስት ቀን እንዲወጉ ታዘው ስለነበር ቤታችን አሳደርናቸው፣ ከአማቴ ጎን። በዚያ ሰሞን ሊጠይቅ የመጣው ሽማግሌ ሁሉ ያንን ስም በጠራ ቁጥር ሁለት ሰው አቤት ይል ነበር፤ የአንዱ ወተት ለሌላው ደርሷል፣ የአንዱ ሰላምታ ሌላው ጋ ቀርቷል። መርፌው ግን ስድስቱንም ቀን የተገባው ሰው ላይ ነው ያረፈው። ቁስሉ ጠግጎ በእግራቸው ሄደዋል። ስማቸውን አንድም ቀን አልጠራሁም፤ ስድስት ዜሮ ይመዝገብልኝ።